ዝዮቹ እስኪፈለፍሉ

ዝይ ባሕር፣ ጥር 23 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለልጄ ልጅ ለዓለምጸሐይ መንግስቴ
አሰላ

እንደምን ሰንብተሻል ዓለምዬ? እኔን ከጠየቅሽ፣ ዘንድሮ ብርዱ ሊወስደኝ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ባዶውን ተመልሷል። ጉልበቴ ግን አመሉን ለውጧል፤ ዳገት ስወጣ ያማርራል፣ ቁልቁለት ስወርድ ይሳደባል። ከዚህ በቀር ደኅና ነኝ።

ደብዳቤሽን የጨው ነጋዴው አንዳርጌ ከደብረ ታቦር ፖስታ ቤት አውጥቶ፣ አርብ ገበያ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ አሳይቶ፣ በስምንተኛው ቀን አደረሰልኝ። በጽሕፈት መኪና የተመታ ነው። መልካም፤ ግን እጅሽ የት ሄደ? አስተማሪ ከሆንሽ ወዲህ ለጠመኔ ብቻ ሆነ እንዴ? ቤተ ልሔም ድጓ ስማር የኔታ የእኔን ጽሕፈት ዶሮ የጫረችው ነው ይሉት ነበር። ቢሆንም ዶሮዋ እኔ እንደሆንሁ ሳይጠየቅ ይታወቅ ነበር። ያንቺን ግን ማን እንደጻፈው ለማወቅ መጨረሻውን ገልጬ ማየት ነበረብኝ።

የማጭዱን ሥርዓት ረስቼዋለሁ፣ ይንገሩኝ ብለሻል። በዘጠኝ ዓመትሽ ለትምህርት ስለወጣሽ አልፈርድብሽም። ባሕሩን የከበበው የጓሳ ሣር የሰባቱ ቤት የጋራ ነው። ሁለት ዓመት ከብት አይገባበትም፣ ማጭድም አይነካውም። በሦስተኛው ዓመት ይከፈትና ሁሉም ለጣራው ክዳን ያጭዳል። ቀኑን የሚቆርጡት ግን ሽማግሎች አይደሉም፣ ዝዮቹ ናቸው። ጓሳው ውስጥ ይታቀፋሉ፤ ጫጩቶቹ ተፈልፍለው ውሃው ላይ ሲወርዱ ሣሩ ይከፈታል። ይህን አይቶ የሚናገር አንድ ጠባቂ አለ፤ ከእርሱ በቀር ወደ ዳሩ የሚጠጋ የለም። ጠባቂው ደግሞ ማጭድ አይይዝም፣ ለገዛ ቤቱ ሲል ቀኑን እንዳያጣምም። አባቶቻችን የእኔ ቢጤ ሰው እንደሚወለድ ቀድመው ያወቁ ይመስለኛል። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠባቂ ነኝ።

ሣሩ ሲከፈት የሰባቱ ቤት ስም ይጠራል። ከየቤቱ ደም አንድ ሰው "አለ" ይልና ማጭዱን ያነሣል። ሁለት መክፈቻ በተከታታይ "አለ" የሚል ያጣ ቤት ከሥፍራው ይወጣል፤ ስሙም ዳግመኛ አይጠራም። የዛሬ ሦስት ዓመት የተከፈተው አባትሽ መንግስቴ በሞተ በአራተኛው ቀን ነበር። የፈንታው ቤት ተብሎ ተጠራ። መልስ አልነበረም። እናትሽ ለቅሶውን ጨርሳ ወገዳ ዘመዶቿ ዘንድ ገብታለች፤ ብትኖርም የሌላ አገር ሰው ናትና አትቆጠርም። ከደሙ የቀረነው እኔና አንቺ ነን።

ሴት ማጨድ ትችል እንደሆነ ወልደ ገብርኤልን ጠይቄዋለሁ፤ የሽማግሎቹ ሰብሳቢ እርሱ ነው። እስኪያስነጥሰው አሰበና "ደም ነው የተባለ፣ ጢም አልተባለም" አለኝ።

ዘንድሮ ይከፈታል። ነይ አላልሁሽም፤ የጠየቅሽኝን መመለሴ ነው።

አያትሽ ፈንታው


አሰላ፣ የካቲት 26 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለምወድዎት አባባ

እግዚአብሔር ይመስገን፣ እኔ ደኅና ነኝ። ይኸው በእጄ ጽፌያለሁ፤ አሁን ያውቁኛል። ያለፈውን በመኪና የመታልኝ አብሮኝ የሚያስተምር ሞላልኝ የሚባል ልጅ ነው። እኔ አላዘዝሁትም፣ እርሱ ጽሕፈት ቤት ገብቶ ይለማመድ ስለነበር ነው። ጉልበትዎን እባክዎ በቅቤ ይሹት።

እዚህም እንደ እኛ አገር ይበርዳል። ጠዋት ጭላሎ ተራራ ላይ ጉም ሲተኛ ከሥሩ ባሕር ያለ ይመስለኛል። ሞላልኝ ምንም ውሃ የለም እያለ ይስቅብኛል።

ስለ ማጭዱ የጻፉልኝን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የማላስብ እንዳይመስልዎት። ነገር ግን ዲሬክተራችን ፈቃድ የሚሰጡት ቀኑ በቁጥር ተጽፎ ሲቀርብላቸው ብቻ ነው። ዝይ ሲፈለፍል ብዬ ባመለክት የሚመልሱልኝን እርስዎም ይገምቱታል። ስለዚህ ቀኑን ቆርጠው ይጻፉልኝ።

ይቅርታ አባባ፣ አጭር ሆነብኝ። ሞላልኝ ፖስታ ቤት ሳይዘጋ ሊያደርስልኝ በር ላይ ቆሟል።

ልጅዎ ዓለምጸሐይ


ዝይ ባሕር፣ መጋቢት 29 ቀን 1957 ዓ.ም.

ዓለምዬ፣ ጾሙ እንዴት ይዞሻል? እኔን ምንም አላለኝም። ጥርስ ለሌለው ሰው ጾሙም ፍስኩም ያው ሽሮ ነው።

በእጅሽ ስለጻፍሽ ደስ ብሎኛል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ በሦስተኛው መቁጠር ጀመርሁ። የሞላልኝ ስም ሦስት ጊዜ ተነሥቷል፣ የእኔ ጉልበት አንድ ጊዜ። አንዳርጌ ደብዳቤሽን ስምንት ቀን በእግሩ ተሸክሞልኝ ስሙን ያነሣለት የለም። ምንም አላልሁም። ቆጠርሁ እንጂ።

ቀኑን ቁረጡልኝ ስላልሽ ትናንት ሄጄ እናቲቱን ዝይ ጠየቅኋት። ከረጅሙ የጅብራ ተክል ሥር አምስት እንቁላል ታቅፋለች። አሰላ የሚኖር አንድ ዲሬክተር ቀኑን በቁጥር ይፈልጋል አልኋት። አባወራው አንገቱን አስግጎ እፍ አለብኝ። እርሷ ግን ተነሥታ ክንፏን ዘረጋች፣ ሰማያዊውን ላባዋን አሳየችኝ፣ እንቁላሉን በመንቁሯ ገለባበጠችና ተመልሳ ተቀመጠች። ለዲሬክተሩ ይህን ጻፊለት።

ሰዉ እንዴት ነው ባትዪም፣ ሁሉም እያንሾካሾከ ነው። ዝይ ከታቀፈ እስኪፈለፍል ባሕሩ ዳር ከበሮ አይመታም፣ እልል አይባልም፣ ውሻ እንኳ ሩቅ ይታሰራል። ቄሱ የደወሉን ምላስ በጨርቅ ጠቅልለውታል፤ ቅዳሴ መድረሱን የምናውቀው ጎረቤት ነጠላውን ሲያነሣ አይተን ነው። ዘንድሮ ትንሣኤ ከዚሁ ጋር ስለገጠመ የፋሲካን እልልታ ከኮረብታው ጀርባ ሄደን ልናቀልጠው ነው። አርብ ገበያ "ዝዮቹ መጡ" የሚሉን በዚህ ነው። ድምፃችን ዝቅ ያለ ስለሆነ ስንከራከር ለሻጩ አይሰማውም፤ ያለውን ሰጥተን እንመለሳለን። አንቺም ከኋላ የሚቀመጡት ተማሪዎች አይሰማንም ይሉኛል ብለሽ አምና ጽፈሽልኝ ነበር። ከየት እንደያዝሽው አሁን እወቂው።

ጠዋት ጠዋት ውሃው ዳር በረዶ ይይዛል፤ ፀሐይ ሲነካው እንደ ቀጭን ብርጭቆ እየተሰበረ ድምፅ ያሰማል። ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሲግጡ የጓሳውን ወሰን እስከሚያሳየው የደንብ ድንጋይ ይመጣሉ፣ ከዚያ አያልፉም። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። በልጅነትሽ አለቃቸውን ወልደ ገብርኤል ትዪው ነበር፣ በጸጉሩ ምክንያት። እርሱ አሁንም አልሰማም።

ማመልከቻሽ ላይ ግንቦት 13 ብለሽ ጻፊ። ዓርብ ነው፤ ከገበያ ከሚመለሰው ሰው ጋር ሽቅብ ትመጫለሽ። ጫጩቶቹ ከዚያ ቀደም ብለው ይወርዱ ይሆናል። ቢወርዱም የሚያያቸው እኔ ብቻ ነኝ። ይህችን መጨረሻ ቃል ለማንም እንዳታነቢ፣ በር ላይ ለቆመውም ቢሆን።

አያትሽ ፈንታው


ዝይ ባሕር፣ ግንቦት 16 ቀን 1957 ዓ.ም.

ዓለምዬ

እንደምን አለሽ? ስለ እኔ አትስጊ። ዓርብ ዕለት ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስለዋልሁ ጀርባዬን ፀሐይ መታኝ፣ እርሱም ጥሩ ነው። ገበያተኛው እያንዳንዱ ምን ትጠብቃለህ አለኝ። አህያ ጠፍቶኝ አልሁ። አንዳርጌ በመጨረሻ መጣ፤ ከእርሱ ኋላ ማንም አልነበረም። ስለ ቀኑ "እሞክራለሁ" ብለሽ የመለስሽልኝ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ነበርና እንደገና አነበብሁት። እሞክራለሁ ብቻ ነው የሚለው፤ እመጣለሁ ብሎ ያነበበው ዓይኔ ነው።

አሁን የምነግርሽን በዝይ ባሕር የሚያውቅ የለም። ጫጩቶቹ ሚያዝያ 29 ቀን ወርደዋል። አምስቱም። የመጨረሻው ውሃውን ፈርቶ ዳር ላይ ብዙ ቆሞ ነበር፤ እናቲቱ ዘወር ብላ ጠበቀችው። ያን ዕለት ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። ወጣሁና ዛሬም ታቅፈዋል አልሁ።

በልደታ ንፍሮ ልንበላ ደጅ ስንወጣ ወልደ ገብርኤል አጠገቤ መጥቶ ቁጭ አለ። ዝዮቹ ዘንድሮ ቆዩ አለኝ። አርጅተዋል አልሁት። ባለፈው ወር እኮ ወጣት ናቸው ብለኸኝ ነበር አለ። ባንድ ወር የሚያረጅ ሰው አላየህም ወይ፣ እኔን እየኝ ብዬ ሳቅሁ። እርሱ አልሳቀም፤ ንፍሮውን ከእጁ ላይ አንድ አንድ እያነሣ በላና ሄደ።

የሽማግሌው የጓዴ ልጅ ሠርግ በእኔ ምክንያት ያለ ከበሮ አለፈ። ሙሽራዋ ስትወጣ ሴቶቹ እልልታቸውን በነጠላ አፍነው ነበር፤ ሙሽራው ያለቀሱ መስሎት ደነገጠ። ይህ ሊያስቀኝ ይገባ ነበር።

ከታች ያለችውን አሰለፈችን ታስታውሻታለሽ? ባሏ በሥራ ፍለጋ ሁመራ ወርዷል፤ የአራት ወር ሕፃን ይዛለች። ጣራዋ ከአንድ ወገን ተበልቶ ሰማይ ይታይበታል። የምትጠብቀው የሣሩን መከፈት ነው። ስታገኘኝ አትጠይቀኝም። ሰላምታ ሰጥታኝ ታልፋለች።

ጠዋት ጠዋት ጉሙ ጫጩቶቹን ይሸፍንልኛል። ግን እያደጉ ነው፤ ትናንት አንዱ ክንፉን ሞከረ። ስንት ቀን እንደምይዛቸው አላውቅም። ዝናቡም ከወዲያ ማዶ መብረቅ እያሳየ ነው፤ ከረጠበ በኋላ የታጨደ ጓሳ ይሻግታል። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ተነሺ። ለዲሬክተሩ አያቴ ሞተ ብትዪውም አልቀየምሽም፤ ስትደርሺ እነሣለሁ።

ለዝዮቹ ስል አይደለም። ስማችን ሲጠራ ዝም መባሉን ሁለተኛ እንዳልሰማው ነው።

አያትሽ ፈንታው


አሰላ፣ ሰኔ 1 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለአባባ

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ሰላምታ ለመጻፍ ስሞክር እጄ እምቢ ስላለኝ ይቅር ይበሉኝ።

ዲሬክተሩን ፈቃድ አልጠየቅኋቸውም። ቀን በቁጥር ይፈልጋሉ ያልሁት እውነት ነው፤ እርስዎ ቀኑን ሲልኩልኝ ግን ማመልከቻ አልጻፍሁም። ግንቦት 13 ቀን ክፍል ውስጥ ነበርሁ። ሒሳብ እያስተማርሁ ሳለ ስንት ሰዓት ነው እያልሁ ልጆቹን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው።

ስሄድ አርብ ገበያ ድረስ ሸኝተውኝ ተምሬ እመለሳለሁ፣ የባሕሩን ልጆች አስተምራለሁ ብዬዎት ነበር። ያን ጊዜ እውነቴን ነበር። አሁን ከሞላልኝ ጋር ልንጋባ ተስማምተናል። አገሩ እዚሁ ነው፣ እናቱም ከእርሱ ሌላ የላቸውም። ማጭዱን ካነሣሁ በኋላ የቤቱ ሰው እኔ ነኝ። አንሥቼ ደግሞ ጥዬ መሄድ ከመቅረት የባሰ መሰለኝ። ዓይንዎን እያየሁ ይህን መንገር ፈራሁ፤ ስለዚህ እሞክራለሁ ብዬ ጻፍሁ።

እርስዎ ለእኔ ብለው ዝዮቹን እንደደበቁ ሳነብ ሞላልኝ ምን ሆንሽ አለኝ፤ አልነገርሁትም። የአሰለፈች ሕፃን እንዴት ነው? አባባ፣ እኔን አይጠብቁኝ። ሣሩን ይክፈቱላቸው።

ዓለምጸሐይ


ዝይ ባሕር፣ ሰኔ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ዓለምዬ

ሕፃኑ ድኗል። እርሱን ብቻ ስለጠየቅሽ በእርሱ ልጀምር። አሁን ሲስቅ ድዱን እያሳየ ነው፤ የእኔን ስለሚመስል ሰዉ ያማናል።

ሣሩን ይክፈቱ ያልሽው እኔ ዘንድ ሲደርስ ሣሩ ታጭዶ ጣራ ላይ ወጥቶ ነበር። ያለፈው ደብዳቤዬ ከወጣ በአምስተኛው ቀን ዝናቡ ሳይጠበቅ ወረደ። የአሰለፈች ቤት ውስጥ ደረቅ ቦታ ጠፋ። ሕፃኑን አቅፋ እኔ ዘንድ መጣች፣ እሳት ዳር አስቀመጥኋት። ልጁ ያስላል። ምን ብትለኝ እንደምመልስላት ሳዘጋጅ ቆየሁ፤ ውሸት ለእኔ መቼ ቸግሮኝ ያውቃል። እርሷ ግን አንገቷን ደፍታ፣ "አባ፣ ዘንድሮ እንቁላላቸው ተበላሽቶባቸው ይሆን? እኔስ ለእነሱ አዘንሁ" አለችኝ።

እሳቱ ላይ እንጨት ጨመርሁ። ማለዳ ወልደ ገብርኤል ደጅ ሄድሁ።

ሽማግሎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተቀመጡ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ሃያ ሦስት ቀን እንደዋሸሁ፣ ያንቺንም ስም ሳልደብቅ። እንደፈራሁት አልተቆጡም። ያ ነው የከበደኝ። ጓዴ ብቻ ልጄ ያለ ከበሮ ተዳረች አለና ፊቱን አዞረ። ፈረዱብኝ። ጠባቂነቱ ከእኔ ተነሥቶ ለጓዴ ተሰጠ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተቀመጥሁበትን ድንጋይ አስረከብሁት። የቱ ጋ ቢቀመጥ ነፋስ እንደማይመታው እንኳ ላሳየው ስል፣ ግድ የለም ራሴ አገኘዋለሁ አለኝ።

ሣሩ በበነጋው ተከፈተ። ሰባቱ ቤት ይጠራ ጀመር። የእኛ አምስተኛ ነው። ወልደ ገብርኤል የፈንታው ቤት ብሎ ተጣራ። ያኔ ነው ያሰብሁት፤ ከዚያ በፊት አስቤው እንደሆነ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል፣ ለሌላው ሰው አዎ እላለሁ፣ ላንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አላሰብሁትም። ማጭድ የማይይዘው ጠባቂ ነው። እኔ ደግሞ ከትናንት ወዲህ ጠባቂ አይደለሁም። "አለ" አልሁ። ድምፄ ስለወጣ ራሴም ደነገጥሁ፤ ዝዮቹ እንኳ ቀና አሉ።

ወልደ ገብርኤል ብዙ ካየኝ በኋላ፣ "ይህን አስበህ ነው የዋሸኸን?" አለኝ።

ይህን ያህል ብልህ ብሆን ኖሮ ድጓውን እጨርሰው ነበር አልሁት። ጢሙን ይዞ ቆየና ስማችንን ጠርቶ "አለ" ብሎ ወደ ስድስተኛው አለፈ።

የአሰለፈች ማጭድ ነበር የተዋስሁት። አንድ ነዶ ለማጨድ እስከ ቀትር ፈጀብኝ። ሰዉ ጨርሶ እየተሸከመ ሲሄድ እኔ ገና ጎንበስ ብዬ ነበርሁ፤ የረገመኝም የረዳኝም የለም። ነዶው ለአሰለፈች ጣራ ሄደ፤ ከላይ በኩል እጥር ያለው የእኔ ነው።

እንግዲህ ቤታችን በሥፍራው ነው። የዛሬ ሦስት ዓመትም ይጠራል። ከዚያ ወዲያ የማየው አይመስለኝም።

ስለ ሞላልኝ የጻፍሽውን አነበብሁ። አልተቀየምሁም ብዬ ብጽፍ አታምኝኝም። ሁለት ቀን ተቀይሜ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት እናቱን ጥሎ የማይሄድ ልጅ መሆኑን አሰብሁ። እኔ ድጓውን ትቼ ከቤተ ልሔም ስመለስ አባቴ የተቀበለኝ እንዲሁ ነው፤ ሌላ ልጅ አልነበረውም። የሞላልኝ እጅ ምን ያውቃል? ጠመኔና መኪና ብቻ ከሆነ ጣራችሁን ማን ሊከድነው ነው? ለመጠየቅ ያህል ነው።

አንድ ነገር ግን ከፍቶኛል። እስከዛሬ ስጽፍልሽ ሁልጊዜ ምክንያት ነበረኝ። አባትሽ ሲሞት ለቅሶ አልሁሽ፣ ያልመጣሽው ፈተና ላይ ሆነሽ ነው። ዘንድሮ ሣር አልሁሽ፣ ደም አልሁሽ። አሁን ቤቱ ተረፈ፣ አንቺን የምጠራበት ነገር አጣሁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ወረቀቱን ይዤ ሌላ ምክንያት ስፈልግ ነበር። ልሞት ነው ልበል አልሁ፤ ደግሞ ብዋሽም አይሳካልኝምና ተውሁት።

ናፍቀሽኛል። ይህን ለማንም ጽፌው አላውቅም፤ እንዴት እንደሚጻፍም ሳላስብ ነው የጻፍሁት።

ወንዞቹ ሞልተዋል፣ እስከ መስከረም የሚሻገር የለም። ይህንንም ደብዳቤ አንዳርጌ በገመድ ታስሮ ነው የሚያሻግረው። ዝዮቹ አሁን ወደ መሐል ገብተዋል፣ ጫጩቶቹ ከእናታቸው አይለዩም። ከጓዴ ፈቃድ ስለሌለኝ ከሩቅ ነው የማያቸው፤ ከሩቅ ሲታዩ ያንሳሉ።

ወንዙ ሲጎድል ነይ። ሞላልኝን ይዘሽ ነይ። ማጭድ አላነሣልሽም፣ ቃልሽንም አላነሣብሽም። ቀን አልቆርጥልሽም። በመጣሽበት ቀን እዚሁ ነኝ።

አያትሽ ፈንታው